ፍላሹ ባዶ አይደለም፤ ፎርማት እንዳታስደርጉት

አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከሱቃችን ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ስትወጡ ግራና ቀኙ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት ነው። ስለዚህ እንጀራዬ በአብዛኛው የሚወጣው ከፍላሽ ነው። እዚህ የምጽፈው እጄ እስኪሰለች የሠራኋቸውን ነው። ሰክታችኋል ወይ፣ አጥፍታችሁ አብርታችኋል ወይ እያልኩ አልጠይቅም። አድርጋችሁታል ብዬ ልጀምር።

ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፣ ወይም ፍላሹ ባዶ ነው

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ፍላሹን ስትከፍቱት ፎልደሮቹ በስማቸው አሉ። ግን እያንዳንዳቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች፤ ሾርትከት ነው፣ ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም እንጂ ፎልደሩ ራሱ አይደለም። መጠናቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። ሌላኛው ዓይነት ደግሞ ይብሳል። በፍላሹ በራሱ ስም የተሰየመ አንድ ሾርትከት ብቻ ይታያል፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው ወገቡን የሚይዘው እዚህ ጋ ነው።

ፋይላችሁ አልጠፋም። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስን ተመልከቱ። ባዶ የመሰለው 16 ጊጋ ፍላሽ 11 ጊጋው ተይዟል ካለ፣ 11 ጊጋው እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው።

አምና ሰኔ አንዲት ተማሪ እያለቀሰች መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሹን ፕሪንት ቤት ሰክታ ነበር። ልጁ «ቫይረስ በልቶታል፣ ባዶ ነው» አላት። ከዚያ በቅንነት ፎርማት አደረገላት (ፍላሹን ከነጭራሹ ባዶ ማድረግ ነው)። በነፃ! የተሰረዘ ፋይል የሚያወጣውን ሬኩቫ ሞከርኩ። ፎቶሬክ ሞከርኩ። ፎቶሬክ ፋይሉን ያወጣል፣ ስሙን ግን አያወጣም። ስም የለሽ የወርድ ፋይል አንድ በአንድ እየከፈትን አመሸን። ምዕራፍ ሦስት የተገኘው የሁለት ሳምንት አሮጌ ቅጂ ነው። ፎርማት ባይደረግ ኖሮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። የእኛ ሙያ ሰዎች ለሁሉም ነገር ፎርማት የሚሉት እውቀት ስለማይጠይቅ ነው። ሒሳቡን ግን ያው ነው የሚቀበሉት።

ቫይረሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ፎልደሮቻችሁን አይሰርዝም፣ ይደብቃቸዋል። መደበቅ ብቻ ሳይሆን «የሲስተም ፋይል» የሚል ምልክት ይለጥፍባቸዋል። የሲስተም የተባለ ፋይል ደግሞ ዊንዶውስን «ድብቅ ፋይሎችን አሳየኝ» ብትሉትም አይታይም። ሞክራችሁት አልሠራ ያላችሁ ለዚህ ነው። በምትካቸው በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነኩት መጀመሪያ የቫይረሱን ስክሪፕት (ትንሽ የትእዛዝ ፋይል ነው) ያስነሳል፣ ወዲያው ደግሞ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል። ፎልደሩ ተከፈተ፣ ደህና ነው ብላችሁ ትቀጥላላችሁ።

ድሮ ፍላሽ መሰካቱ ብቻ ይበቃ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 በለቀቀው አፕዴት በድሮዎቹ ዊንዶውሶችም ላይ ከፍላሽ በራሱ የሚነሳውን ነገር ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ የእናንተን ጣት ይፈልጋል። ፎልደር መስሎ የሚቀርበው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መፍትሄው። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። ኮምፒውተሩ ይቀድማል፣ ፍላሹ ይከተላል። ኮምፒውተሩ ከታመመ ፍላሹን መቶ ጊዜ ብታጸዱት በሰካችሁ ቅጽበት መልሶ ይበከላል። ፍላሹን ንቀሉት። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ስታርትአፕ የሚለውን እዩ። እናንተ ያልጫናችሁት ስክሪፕት፣ ወይም ትርጉም የለሽ የፊደል ቁልል ስም ያለው ነገር ካለ ዲሴብል አድርጉት። ከዚያ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ ከስካን አማራጮች ዲፌንደር ኦፍላይን የሚለውን ምረጡ፤ ዲፌንደር የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል። 15 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። የጀመራችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

ቀጥሎ ፍላሹ። ሰክታችሁ ምንም ሳትነኩ ዊንዶውስ ለፍላሹ የሰጠውን ፊደል እዩ፣ ኢ ወይም ኤፍ ወይም ሌላ ይሆናል። ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ክፈቱ። ፊደሉንና ሁለት ነጥብ ጽፋችሁ ኢንተር። ከዚያ ለደንበኛ በስልክ እንደማስጽፈው፦ አትሪብ (attrib)፣ ስፔስ፣ ማይነስ ኤች፣ ስፔስ፣ ማይነስ አር፣ ስፔስ፣ ማይነስ ኤስ፣ ስፔስ፣ ስላሽ ኤስ፣ ስፔስ፣ ስላሽ ዲ፣ ስፔስ፣ ኮከብ ነጥብ ኮከብ፣ ኢንተር። ስላሹ ከጥያቄ ምልክት ጋር አንድ ቁልፍ ላይ ያለው ነው። ዝም ብሎ ይቆያል። አትዝጉት፣ እየሠራ ነው።

በስልክ ማስጻፉ የራሱ ጣጣ አለው። ሜክሲኮ አካባቢ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ደንበኛ አለችኝ። «እህቴ፣ አሁን የት ላይ ነሽ?» አልኳት። «ቢሮ ነኝ» አለችኝ። እኔ የጠየቅኳት ሲ (የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ) ላይ ነሽ ወይስ ፍላሹ ላይ ብዬ ነበር። ሲ ላይ ነበረች። ዊንዶውስ ደብቆ ያስቀመጣቸው ፋይሎች ሁሉ አደባባይ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴስክቶፗ ላይ «ዴስክቶፕ ዶት አይኒ» የሚባል ነገር እያየች ቫይረስ ነው ብላ ትደውልልኛለች። ኢንተር ከመምታታችሁ በፊት መስመሩ የሚጀምረው በፍላሹ ፊደል መሆኑን እዩ። ሲ ከሆነ አቁሙ።

ትእዛዙ ሲያልቅ ፎልደሮቹ ይመለሳሉ። አንድ ሾርትከት ብቻ ይታይ የነበረው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስም የሌለው ፎልደር ታያላችሁ። ስሙ ባዶ ቦታ ነው። እንዳትሰርዙት! ንብረታችሁ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። ከዚያ ሾርትከቶቹንና በቪ ቢ ኤስ የሚያልቁትን ፋይሎች ሰርዙ። ምን ይሆን ብላችሁ ደብል ክሊክ እንዳታደርጉ። ይህን ብዬ የሚያደርግ ሰው አለ።

ከቸኮላችሁ አቋራጭ አለ። የፍላሽ ማገናኛ ገመድ ካላችሁ አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ሰኩት። ስልኩ ያንን የዊንዶውስ መደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ያሳያችኋል። ስክሪፕቱም ስልክ ላይ አይሠራም። ፋይሉን ከዚያ በቴሌግራም ላኩት። ሊኑክስ የጫነም ሰው ይህን ችግር አያውቀውም።

ቴሌግራሜን ሌላ ሰው እያነበበው ነው

ይህም ከፕሪንት ቤት የሚመጣ ችግር ነው። ፍላሽ ፈርታችሁ ቴሌግራማችሁን ፕሪንት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ትከፍታላችሁ። ፋይሉን ታሳትማላችሁ። ትሄዳላችሁ። አካውንታችሁ እዚያው ተከፍቶ ይቀራል። ስልካችሁ ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ዲቫይስስ ግቡና ከዚህ ስልክ ውጭ ያሉትን በሙሉ አስወጡ። ቀጥሎ ሁለተኛ ፓስወርድ የሚያስገባውን ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ። በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አትንገሩ። «ጓደኛህ ነኝ፣ በስህተት ወደ አንተ ተልኮ ነው» ቢላችሁም።

አንድ ፕሪንት ቤት ኮምፒውተራቸውን ላጸዳ ጠሩኝ። ዳውንሎድ ፎልደሩን ስከፍት የሰው ፋይዳ መታወቂያ፣ ፓስፖርት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የትዳር ምስክር ወረቀት ተከምሯል። ባለቤቷን «እትዬ፣ ይኼ ሁሉ የማነው?» አልኳቸው። «ደንበኞች ናቸው፣ ምናልባት ተመልሰው ቢመጡ ብዬ» አሉኝ። ተንኮል የለባቸውም። ግን በር የሌለው መዝገብ ቤት ነው። ካሳተማችሁ በኋላ ከዳውንሎድ ላይ በሺፍት ዲሊት ራሳችሁ ሰርዙ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ የገባ አልተሰረዘም። ሰልፍ አለ ብላችሁ አትፈሩ።

ባንክ ድረ ገጽ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይላል፣ ወይም የማረጋገጫ ኮዱ አልሠራ አለ

ሰው ሁሉ ተጠልፌያለሁ ብሎ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰዓት ነው።

ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት አላቸው። ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ብራውዘሩ ያንን ከኮምፒውተራችሁ ቀን ጋር ያመሳክራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ዴስክቶፓችሁ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ሲአር 2032 ትባላለች። ግዙና ቀይሩ። ስትገዙ በቴስተር ይለካላችሁ፣ አዲስ ከሆነ 3 ቮልት ወይም ትንሽ በላይ ያሳያል። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የተኛ ባትሪ «አዲስ» እየተባለ ይሸጣል።

ሌላው ምክንያት ግን የእኛው ነው። አንዲት ጸሐፊ የቢሮውን ኮምፒውተር «ዓመቱ ተሳስቶ» ብላ ወደ 2017 አስተካከለችው። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነበረች። ኮምፒውተሩ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። የድረ ገጾቹ ሰርተፍኬት በዚያ ዓመት ገና አልተወለደም። ቢሮው በሙሉ «ሀክ ተደርገናል» ብሎ ሁለት ቀን ሥራ ፈታ።

ስልክ ላይ ደግሞ ሰዓቱን በእጅ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር የሚቀይር አለ። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ። የማረጋገጫ አፖች በየ30 ሰከንዱ የሚያወጡት ኮድ ከሰዓቱ ነው የሚሰላው። ስድስት ሰዓት የተዛባ ስልክ የሚያወጣው ኮድ የትም አይሠራም። ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት። የሐበሻ ሰዓት የግድ ካላችሁ ሰዓቱን ሳትነኩ የሰዓት ቀጠናውን ብቻ ወደ ቦነስ አይረስ (አርጀንቲና) ቀይሩ። እነሱ ከእኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩም ሦስት ይላል፣ ኮዱም ይሠራል። የስብሰባ ማስታወሻችሁ ግን በቦነስ አይረስ ሰዓት እንደሚታይ እወቁ።

ጥግ ላይ «ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ አለበት» እያለ ብቅ ይላል

ቫይረስ አይደለም። አንድ ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክ ወይ ሲል እሺ ብላችሁታል። ክሮም ሴቲንግስ ውስጥ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኖቲፊኬሽንስ፣ የማታውቁትን ሁሉ አስወግዱ። ፋየርፎክስ ላይ ማስታወቂያ የሚከለክለውን ዩብሎክ ኦሪጅን ጫኑ። ክሮም አሁን የሚቀበለው ቀለል ያለውን ቅጂ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ እንደ ኤሊ ይሄዳል

ሁለት አንቲቫይረስ ጭናችኋል። አንደኛው ጊዜው አልፎበታል። ሁለቱንም አውጡ፣ ዲፌንደር ይበቃችኋል። ወይም ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት የተከፈተ ፕሮግራም፣ ጭናችኋል። አንድ አክቲቬተር (ክራኩን የሚከፍተው) «መጀመሪያ አንቲቫይረስ ያጥፉ» ካላችሁ ምን ሊያስገባ እንደሆነ ራሱ ነግሯችኋል። ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሊብሬ ኦፊስ በነፃ አለ። የአማርኛ መጻፊያም ካገኛችሁበት ሁሉ አታውርዱ፤ ኪቦርድ የምትጽፉትን ሁሉ ያያል፣ ፓስወርዱንም ጭምር። ዊንዶውስ የራሱ አለው፣ ስልክ ላይ ጂቦርድ አለ፣ ኪማንም ነፃ ነው።

የቀሩት ባጭሩ። የፋይሎቹ የስም መጨረሻ ተቀይሮ ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ከመጣ አትክፈሉ፣ ኖ ሞር ራንሰም የሚባለው ገጽ ላይ መፍቻ ካለ እዩ። ዊንዶውስ 10 በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ኮምፒውተሩ የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ከጠየቃችሁ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ፈልጉት፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉን እኔም አላወጣውም። በመንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጥ «2 ቴራ» ፍላሽ ውሸት ነው፣ ከእውነተኛው ልኩ ሲያልፍ የምትጭኑት ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ሻጩን በማግስቱ አታገኙትም።

ኮምፒውተር ለጥገና ስታመጡ ከቴሌግራምና ከኢሜይል ውጡ። ፓስወርድ በወረቀት ጽፋችሁ ስክሪኑ ላይ አትለጥፉ። ከተቻለ ጥላችሁት አትሂዱ። ሱቁ ጠባብ ነው ግን ሁለት ወንበር አለ፣ ቁጭ ብላችሁ የምሠራውን እዩ።