የስትራክቸራል መሐንዲስ ፈቃድ በአሜሪካ፦ ከመጽሐፉ በፊት ወረቀቱ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከአምስት ኪሎ በሲቪል የተመረቀ፣ አገር ቤት ስድስት ዓመት ሕንፃ ሲሠራ የቆየ፣ እዚህ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። «ለፒኢ የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» አለኝ። ፒኢ ለባለሙያ መሐንዲስነት የሚያበቃው ፈተና ነው፤ ፈቃዱም በዚሁ ስም ይጠራል። ይህንኑ ጥያቄ ዘንድሮ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፤ መጽሐፉ ይቆየን፣ መጀመሪያ የየትኛውን ስቴት ፈቃድ እንደምትፈልግ ንገረኝ።

አሜሪካ ውስጥ በአገር ደረጃ የሚሰጥ የመሐንዲስ ፈቃድ የለም። ፈተናዎቹን፣ ማለትም መሠረታዊውን ኤፍኢንና ቀጥሎ የሚመጣውን ፒኢን፣ የሚያወጣው ኤንሲኢኢኤስ የሚባለው የስቴት ቦርዶች ማኅበር ነው፤ ውጤቱም በየስቴቱ ይሠራል። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን የእያንዳንዱ ስቴት ቦርድ ነው፣ ሕጉም ይለያያል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ፣ ቢሮው ቨርጂኒያ ሆኖ፣ ዲሲ ላለ ሕንፃ ማኅተም የሚያሳርፍ ሰው የዲሲ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የቨርጂኒያው አያሻግረውም። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ፈተናውን እንደገና መቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም፣ ማመልከቻና ክፍያ ግን አለ። ለዚህ ሲባል ኤንሲኢኢኤስ ላይ ሪከርድ ክፈቱ። ትራንስክሪፕታችሁን፣ የሥራ ልምዳችሁንና ምስክሮቻችሁን አንድ ቦታ ይዞ ለጠየቃችሁት ቦርድ ይልክላችኋል።

ፒኢ ብቻውን የማይበቃባቸው ስቴቶችም አሉ። ኢሊኖይ ከ1915 ጀምሮ ለስትራክቸር፣ ማለትም ጭነት ለሚሸከመው የሕንፃ አካል፣ ኤስኢ የሚባል የተለየ ፈቃድ አላት፣ ያለ ኤስኢ እዚያ ስትራክቸር መሥራት አይቻልም። ሀዋይም ለስትራክቸር የተለየ ፈቃድ ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ለሲቪል ፒኢ የመሬት መንቀጥቀጥና የቅየሳ ፈተና ትጨምራለች፤ ለሆስፒታል ሕንፃ ኤስኢ ትጠይቃለች። የኤስኢ ፈተና ከ2024 ወዲህ በኮምፒውተር ሆኖ በአራት ክፍል ተከፍሏል። በእኔ እምነት ገና የመጣ ሰው እሱን አያስብ፤ ኤፍኢና ፒኢ ይቅደሙ።

ስለ ፈተናው ብዙ አልልም። ኤፍኢ 110 ጥያቄ፣ ፒኢ ሲቪል 80 ጥያቄ ነው፣ ፒኢው ስምንት ሰዓት ይወስዳል። የራሳችሁን መጽሐፍ ይዞ መግባት የለም፤ ማጣቀሻው እስክሪኑ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በዚያው ፒዲኤፍ ተለማመዱ። ካልኩሌተርም የተፈቀደውን ሞዴል ብቻ።

የእኛ ሰው የሚቸገረው በሌላ ነው። በኢቢሲኤስ፣ በቀድሞው የአገራችን የሕንፃ ኮድ፣ ያደገ እጅ የሕንፃውን የራሱን ክብደት በ1.3፣ የተጠቃሚውን ጭነት በ1.6 ያበዛል፤ እዚህ 1.2 እና 1.6 ነው። ሲ-25 የሚባለውን የጥንካሬ ደረጃ ስንል በኩብ የተሰበረ ኮንክሪት ነበር፤ እዚህ የሚሰበረው ሲሊንደር ነው፣ ቁጥሩም በፒኤስአይ፣ በፓውንድ በካሬ ኢንች፣ ይመጣል። አንዳንዱ ጥያቄውን ወደ ኪሎኒውተን ቀይሮ፣ ሠርቶ፣ መልሱን እንደገና ወደ ኪፕ፣ ማለትም ወደ ሺህ ፓውንድ፣ ይመልሳል። ይህን አታድርጉ። 80 ጥያቄ ላይ ያ ሁሉ ደቂቃ ይበላችኋል፣ ስህተቱም እዚያው ነው የሚገባው። ሁለት ወር በኪፕና በጫማ ብቻ ሥሩ፤ የ20 ጫማ ቢም ሲባል ሜትር ሳትቆጥሩ ዓይናችሁ ላይ እስኪመጣ ድረስ።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። ስም ነው።

ዲግሪዬ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ። ፓስፖርቴ ላይ የእኔና የአባቴ ስም አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተው የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ መሐሉ ተዘለለና የእኔና የአያቴ ብቻ ቀረ፤ ምን ቸገረኝ ብዬ ተቀበልኩ። ለኤፍኢ ስመዘገብ ደግሞ ዕድሜ ልኬን እንደለመድኩት ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። የፈተናው ቀን ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሴትዮ ካርዴን አየች፣ እስክሪኑን አየች፣ ካርዱን ገልብጣ እንደገና አየች። «አይመሳሰሉም» አለችኝ። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሁለቱም የእኔው ስም እንደሆነ አስረዳሁ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬንም አወጣሁ። አልገባሁም። የከፈልኩት ቀረ፤ ሦስት ወር ማታ ማታ ያጠናሁትን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ስለዚህ አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት ፓስፖርቱን፣ ግሪን ካርዱን፣ መንጃ ፈቃዱንና ዲግሪውን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ለፈተና የምታሳዩትን መታወቂያ ምረጡና ስማችሁን ፊደል በፊደል እንደዚያ ጻፉ። የአባታችሁ ስም አንዱ ላይ በነጠላ፣ ሌላው ላይ በድርብ ፊደል ተጽፎ ከሆነ ያም ልዩነት ነው። ዲግሪው ካልገጠመ ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ ቦርዱን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። ዜግነት ስትወስዱ ስም ለማስተካከል ዕድል አለ፤ ያኔ ካስተካከላችሁ ደግሞ በየቦርዱ ያለውን ሁሉ አብራችሁ አስቀይሩ።

የሥራ ልምድ። በተለምዶ አራት ዓመት ይጠየቃል፣ ብዙ ቦርድ ፒኢ ባለው ሰው ሥር የተሠራውን ነው የሚፈልገው። ኮንትራክተር ጋ «ኢንጂነር» ተብላችሁ ፈቃድ በሌለው አለቃ ሥር ሦስት ዓመት ካሳለፋችሁ ያ ጊዜ ላይቆጠር ይችላል፤ ሥራውን ስትቀበሉ ጠይቁ። አለቃችሁ ሥራ ሲለቅም ሳይሄድ ልምዳችሁን ሪከርዱ ላይ ያረጋግጥላችሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ኢሜይል አይመልስም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። አገር ቤት «ኢንጂነር እገሌ» ማዕረግ ነው። እዚህ ፈቃድ ሳይኖር ይህን ካርድ ላይ አሳትሞ ለሐበሻ ምግብ ቤት ማስፋፊያ ፕላን እሠራለሁ ማለት በቦርዱ ያስቀጣል። ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁ፣ ያናድደኛል። ባለቤቱ ፐርሚት ሳያገኝ ገንዘቡ ይቀራል፣ የእናንተም ስም ፈቃድ ከማመልከታችሁ በፊት ፋይል ላይ ይገባል።

የውጭ ዲግሪ ከአሜሪካው ጋር የሚመዘንበትን ግምገማ በተመለከተ፣ ለሥራ ቅጥር ያሠራችሁት የግምገማ ወረቀት ለብዙ ቦርድ አይበቃም፤ ኤንሲኢኢኤስ የራሱ ግምገማ አለው። 32 ክሬዲት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ፣ 48 ክሬዲት ደግሞ ኢንጂነሪንግ ይፈልጋል። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት፣ የኮርሶቹ ዝርዝር ይዘትም ሊጠየቅ ይችላል። ሬጂስትራር ደጅ የሚጠና ሰው ያስፈልጋችኋል፤ ከኤምባሲ ውክልና ላኩለት፣ የአገልግሎት ክፍያውንም አስቀድማችሁ ስጡት። ለወኪላችሁ ግን አንድ ነገር ደጋግማችሁ ንገሩት። አንድ ጓደኛዬ እህቱ የታሸገውን ፖስታ ከሬጂስትራር ተቀብላ፣ እንዲደሰት ብላ ከፍታ በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችለት። ልጅቷ ደግ ናት፣ ፖስታው ግን ዋጋ አጣ፤ አዲስ ጥያቄ፣ አዲስ ወረፋ። ማመልከቻው ላይ አድራሻውን ጽፎ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲልከው ያድርግ፣ የተላከበትን ደረሰኝ ብቻ ያምጣ።