ከክረምት በኋላ የላንድክሩዘር ዲፍሬንሻል ዘይት አቀያየር

ክረምቱን ወንዝ ሲሻገርና ጭቃ ሲያቦካ የከረመ ላንድክሩዘር፣ መስከረም ሲጠባ ቅድሚያ ሊታይለት የሚገባው ዲፍሬንሻሉ (የሞተሩን ኃይል ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ባለ ጥርስ ክፍል) ነው። የሞተር ዘይት ማንም አይረሳም። ዲፍሬንሻሉን ግን ካልጮኸ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ሲጮህ ደግሞ ጥርሱ ተበልቷል።

ወደ መተማ ቆላ ጭነት ይዞ የወረደ መኪና ዲፍሬንሻሉ ይግላል። የጋለው ወንዝ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ባንዴ ይኮማተራል። አክሱ (የጎማዎቹ ዘንግ ማቀፊያ) ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነች፣ አየር በሷ መግባቱ ይቀርና በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ቀለበት) በኩል ውሃ ይሳባል። ሳይቀዘቅዝም ቢሆን አፈናው ዘይቱን ገፍቶ ወደ ፍሬን ሸራው ያወጣዋል፤ ፍሬኑም አልይዝ ይላል። ስለዚህ መተንፈሻዋን በናፍታ ይጠቡ፤ ክዳኗ በጣት ሲነካ መንቀሳቀስ አለበት።

ለመቀየር መጀመሪያ ከጎንደር ፒያሳ አዘዞ ደርሰው ይመለሱ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ደልዳላ ቦታ ይፈልጉ (ጎንደር ላይ ይሄ ራሱ ሥራ ነው)፤ ተዳፋት ላይ የቆመ መኪና ዘይቱ ሳይሞላ የሞላ ያስመስላል። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ።

አሁን በ24 ቁጥር ቡሶላ የላይኛውን፣ የመሙያውን ቡሎን ይፍቱ። የታችኛውን አስቀድሞ የፈታ ሰው፣ የላይኛው ዝጎ እምቢ ካለው ዘይት የሌለው መኪና ታቅፎ ይቀራል። የላይኛው ከተፈታ በኋላ የታችኛውን ከፍተው ያፍስሱ። የወጣው ዘይት እንደ ወተት ሻይ ከነጣ ውሃ ገብቷል፤ ሲሉንም ያስፈትሹ። በጣት ሲታሽ የሚለሰልስ የብረት ብናኝ አያሰጋም፤ ስብርባሪ ካለ ግን መካኒክ ይጥሩ።

ሮንዴላውን በአዲስ ተክተው የታችኛውን ያጥብቁ። ደረጃው ጂኤል-5፣ ውፍረቱ 85ደብልዩ-90 የሆነ የጥርስ ዘይት ከመሙያው ቀዳዳ ጠርዝ መፍሰስ እስኪጀምር ይሙሉ። ለኋላው ወደ 3 ሊትር፣ ለፊተኛው ትንሽ ያነሰ ይበቃል። ውሃ ካልገባ በየ40,000 ኪሎ ሜትር፣ አቧራና ጭነት ለበዛበት ደግሞ በየ20,000 ነው። ለካምቢዮ ይህንኑ ዘይት አይጠቀሙ፣ መመሪያው ካልፈቀደ በቀር፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 የነሐስ ክፍሎችን ይበላል።

እታች ሳሉ ክሮቸራዎቹን (ኃይል አስተላላፊው ዘንግ የሚተጣጠፍባቸውን መስቀሎች) አሮጌው ግራሶ እስኪወጣ ይሙሉ። ተንሸራታቹን የዘንግ ክፍል ግን ጥቂት ብቻ፤ ከበዛ ዘንጉ መሰብሰቢያ አጥቶ ኩሽኔታ ይገፋል። የፊት ጎማ ጉልበት (ጎማው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ) በዘይት ከራሰ የውስጥ ሲሉ አልቋል። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ በሚወስደው ኮረኮንች የሚመላለስ መኪና ደግሞ የአየር ፊልትሮው ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋ።

አሮጌውን ዘይት ጄሪካን ውስጥ ይክተቱ። ቦይ ላይ የተደፋው ቀሃ ወንዝ ነው የሚገባው።