አያትን፣ ቅድመ አያትንና አበውን ስንጠራ የምንሳሳተው

ሁሉንም «ቅድመ አያት» ማለት

ከአያት በላይ ያለውን ሁሉ በጅምላ «ቅድመ አያት» ማለት ለምዶብናል። ቃሉ ግን የራሱ ቦታ አለው፤ የአያት አባት ወይም እናት ማለት ነው። ከእነሱ አንድ ትውልድ ከፍ ሲል ቅም አያት ይመጣል። ከዚያ በላይ ሽማት፣ ምንጅላት የሚሉ ስሞች አሉ። ቅደም ተከተላቸው ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ጎጃም የሰማችሁትን ይዛችሁ ወሎ ላይ አትከራከሩ።

የሸዋውን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን እንያቸው። የአፄ ምኒልክ አባት ኃይለ መለኮት የሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ስለዚህ ንጉሡ ለምኒልክ አያት ናቸው። የራስ መኮንን እናት ተናኘወርቅም የሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለነበሩ፣ ለራስ መኮንን ልጅ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ቅድመ አያት ይሆናሉ። ልጅ ኢያሱ ደግሞ የምኒልክ ልጅ የሸዋረጋ ልጅ ነው። ለእሱ ሣህለ ሥላሴ ቅም አያቱ ናቸው። ሰውየው አንድ፣ መጠሪያቸው ሦስት!

ዜና ላይ ድንቅነሽን «ቅድመ አያታችን» ሲሏት ፈገግ እላለሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት በሦስት ትውልድ አለቀ ማለት ነው። በጅምላ ለመጥራት ከሆነ «አያት ቅድመ አያቶቻችን» ወይም «ቀደምት አባቶቻችን» ይበቃል።

የስም ሐረግን የዘር ሐረግ ማድረግ

ይሄኛው የባሰ ነው። የራስን፣ የአባትን፣ የአያትን ስም ደርድሮ «ዘሬን አውቃለሁ» የሚል ብዙ ነው። በዚያ ድርድር ውስጥ ግን አንዲት ሴት የለችም።

ወደ ነገሥታቱ እንመለስ። «ኢያሱ ሚካኤል» በሚለው ስም ውስጥ ምኒልክን ፈልጓቸው፤ የሉም። ዙፋኑ የመጣለት ግን በእናቱ በኩል ነው። «ተፈሪ መኮንን ወልደ ሚካኤል» ውስጥም ሣህለ ሥላሴ የሉም፤ ምክንያቱም ሐረጉ የሚያልፈው በሴት አያት ነው። ስምን ብቻ የሚቆጥር ሰው የሁለቱንም የዙፋን ጥያቄ ሳያየው ያልፋል።

የገጠር ሽማግሌዎች ይህ ስህተት የለባቸውም። ጎጃምና ጎንደር ርስት በእናትም በአባትም ወገን ይጠየቅ ስለነበር፣ ትውልድ ቆጠራው እርሻ ያስገኝ ነበር። ይህ በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። የጋብቻው ቆጠራ ግን ዛሬም አለ። እስከ ሰባት ቤት ሲባል በአባት በኩል ሰባት ወንዶችን መውረድ ማለት አይደለም። በሁለቱም ወገን ነው የሚቆጠረው። እስቲ ሞክሩት፤ ቅድመ አያቶቻችሁ ብቻ ስምንት ናቸው። የስንቶቹን ስም ታውቃላችሁ?

አበውን ከሥጋ ዘመድ ጋር መቀላቀል

«አበው ሲተርቱ» ስንል የገዛ አያቶቻችንን ሳይሆን የቀድሞ አዋቂዎችን ነው። «አበዎች» ደግሞ አይባልም፤ አበው ራሱ ብዙ ቁጥር ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «አባቶች» ከተባለም ነገሩ ስለ ካህናትና ጳጳሳት ነው።

አያት ሲባል ወንድ ብቻ ማሰብ

«አያቴ ነገሩኝ» ካላችሁ ሰሚው ሴት ይሁኑ ወንድ አያውቅም። በአክብሮት ሲሆን ግሡም አይለይም። «የእናቴ እናት» ማለት ይቀላል፤ በየትኛው ወገን እንደሆኑም አብሮ ይታወቃል።

የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ማድረግ

ይህ ውጭ አገር ላሉት ነው። ቅጹ «ላስት ኔም» ሲል የአያታችንን ስም እንሞላለን። በቃ፣ አበበ ከበደ ተሰማ «ሚስተር ተሰማ» ሆኖ ይቀራል። ሲጠሩት አያቱን የሚፈልጓቸው ይመስለዋል። ልጁ በአገሩ ወግ ዮናስ አበበ ከበደ ተብሎ ከተመዘገበ፣ አባት ተሰማ፣ ልጅ ከበደ ሊሆኑ ነው። እናትየው ደግሞ የራሷን አያት ስም ይዛለች። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች የመጡ ይመስላታል።

አንዱ መንገድ ትክክል፣ ሌላው ስህተት አይደለም። የልጅ ስም እንደ አገር ቤት ይቀጥል ወይስ የአባትየው «ላስት ኔም» ይውረድ የሚለውን ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆናችሁ አትወስኑት። ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመረጣችሁትንም ለታናናሾቹ አትቀያይሩት፤ አለዚያ ወንድምና እህት በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ።