ርዕሱን ከማጽደቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ

ተማሪዎችን የጥናት ሥራ የምታሠሩ መምህራን፣ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ርዕስ ከማጽደቃችሁ በፊት «መልሱን በሁለት ሳምንት ውስጥ በእግርህ ሄደህ ታገኘዋለህ?» በሉት።

የ11ኛ ክፍል ልጅ «የውሃ ብክነት በኢትዮጵያ» ብሎ ይመጣል። ከተቀበላችሁት ከኢንተርኔት ገልብጦ ነው የሚያመጣላችሁ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ርዕሱ ሌላ መንገድ አልሰጠውም። ይልቅ ግቢ ውስጥ ወደሚያንጠባጥበው ቧንቧ ውሰዱት። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሥሩ ይደቅን፣ ሰዓት ይያዝ። በ10 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 3 ሊትር፣ በቀን 72 ሊትር ነው። ሒሳቡን ራሱ ሲደርስበት ፊቱን እዩት! ከዚያ በኋላ «ጻፍ» የሚለው ሰው አያስፈልገውም። ባዮሎጂ በሉት ጂኦግራፊ፣ መንገዱ ይኸው ነው።

ታሪክ ላይም «የአድዋ ጦርነት» በጣም ሰፊ ነው። «የሰፈራችን አዛውንቶች ስለ አድዋ ከአያቶቻቸው ምን ሰሙ?» ግን ይሠራል። እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩን አደራ። አድዋ በእኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ልጆቹ ሁለቱን ያደበላልቃሉ። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መጻፍን ከመጀመሪያው ቀን አስለምዷቸው።

ደግሞ የመጨረሻውን ጥራዝ ብቻ አትጠብቁ። በየሳምንቱ ዓርብ የማስታወሻ ደብተራቸውን አምስት አምስት ደቂቃ እዩላቸው።