በተክል ውስጥ ጂንን በኢስትራዲዮል የሚያዝ ሰው ሠራሽ ማብሪያ ማጥፊያ፦ አሠራሩና አፈታተሹ

አንድን ጂን በተክል ውስጥ ዘወትር በኃይል ማሠራት ለሚሻ ሰው ከአበባ ጎመን ሞዛይክ ቫይረስ የተወሰደው 35ኤስ ፕሮሞተር (ፕሮሞተር ከጂኑ በፊት ያለ፣ ጂኑን የሚያስነሣ የዲኤንኤ ክፍል ነው) ይበቃዋል። ችግሩ የሚመጣው ጂኑ በተፈለገበት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ሲታሰብ ነው፤ በተለይም የጂኑ ውጤት ተክሉን የሚያቀጭጭ ከሆነ። ለዚህ ሥራ ለጀማሪ የምመክረው የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን ኤክስቪኢ የተባለ ሥርዓት ነው፤ ክፍሎቹ በግልጽ የተለያዩ ስለሆኑ አንዱን ነቅሎ በሌላ መተካት አያስቸግርም።

ሥርዓቱ አዛዥና ታዛዥ አለው፤ ኢስትራዲዮል የተባለው የኢስትሮጅን ሆርሞን ሲሰጥ አዛዡ በታዛዡ ላይ አርፎ ጂኑን ያስነሣል። አዛዡ ከሦስት ቦታ በመጡ ቁራጮች የተገጣጠመ ፕሮቲን ነው፦ ዲኤንኤ ላይ የሚያርፈው ክፍል ሌክስኤ ከተባለው የባክቴሪያ ፕሮቲን፣ ጂን የሚቀሰቅሰው ክፍል ከሄርፒስ ቫይረስ ቪፒ16፣ ሆርሞን የሚለየው ክፍል ደግሞ ከሰው የኢስትሮጅን ተቀባይ ተወስደዋል። ታዛዡ ፕሮሞተር ስምንት የሌክስኤ ማረፊያዎች ተደርድረውበት፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ከጂኑ መነሻ በፊት 46 ቤዝ ብቻ የቀረለት አጭር 35ኤስ የተቀጠለበት ነው፤ ይህ ቁራጭ ብቻውን ጂንን ለማስነሣት አቅም የለውም ለማለት ይቻላል።

ክፍሎቹን ለመገጣጠም ጎልደን ጌት የተባለውን፣ የዲኤንኤ ቁራጮችን በአንድ ጊዜ ቆርጦ በቅደም ተከተል የሚያጋጥም ዘዴ መጠቀም ይሻላል። ቢኤስኤ-ዋን የተባለው ኤንዛይም በየክፍሉ ውስጥ የሚቆርጠው ቦታ ካለ፣ የአሚኖ አሲዱ ቅደም ተከተል ሳይነካ ኮዶኑን (አንድ አሚኖ አሲድ የሚወክሉትን ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት) ቀይሮ ቦታውን አስቀድሞ ማጥፋት ያስፈልጋል። ለመለኪያ የሚሆነው ብርሃን የሚያወጣ ኤንዛይም የሆነው የእሳት ዝንብ ሉሲፌሬዝ ሲሆን በጂኑ ውስጥ የተክል ኢንትሮን (ተክል ቆርጦ የሚያወጣው፣ ባክቴሪያ ግን የማያወጣው ቁራጭ) መጨመር አለበት፤ አለበለዚያ ዲኤንኤውን ወደ ተክሉ የሚያደርሰው አግሮባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ራሱ ሉሲፌሬዙን እያመረተ ንባቡን ያሳስታል። ዘወትር በሚሠራ ፕሮሞተር የሚነዳ የሬኒላ (የባሕር እንስሳ) ሉሲፌሬዝ ደግሞ ለማነጻጸሪያ ይገባል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ሙሉው 35ኤስ ለራሱ ጂን ብቻ አይሠራም፣ በዚያው ዲኤንኤ ላይ ያለውን ጎረቤት ፕሮሞተርም ይቀሰቅሳል። ስለዚህ በታዛዡ አጠገብ ከማስቀመጥ ይልቅ እንደ ኖስ ያለ ደከም ያለ ፕሮሞተር መምረጥ፣ ወይም አዛዡን በሌላ ፕላዝሚድ (ባክቴሪያው የሚሸከመው ክብ ዲኤንኤ) ላይ ማኖር ይበጃል።

ለፈጣን ፍተሻ የትንባሆ ዘመድ የሆነው ኒኮቲያና ቤንታሚያና ተመራጭ ነው፤ የአራት ወይም የአምስት ሳምንት ተክል ያስፈልጋል። ፕላዝሚዱን የተሸከመው አግሮባክቴሪየም በ28 ዲግሪ ሴልሲየስ አድሮ ካደገ በኋላ በማሽከርከሪያ ተለይቶ፣ 10 ሚሊሞላር ኤምኢኤስ (ፒኤች የሚያረጋጋ ውሕድ)፣ 10 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድና 150 ማይክሮሞላር አሴቶሲሪንጎን (ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ወደ ተክሉ እንዲያስገባ የሚያነቃቃ ውሕድ) ባለበት፣ ፒኤቹ 5.6 በሆነ ፈሳሽ ይበጠበጣል። በ600 ናኖሜትር ሲለካ የእያንዳንዱ እፍግታ 0.2 አካባቢ ይሁን። አዛዡ በማይጨመርበት ናሙና ባዶ ፕላዝሚድ የያዘ ባክቴሪያ በምትኩ ገብቶ የጠቅላላው መጠን እኩል መሆን አለበት። ድብልቁ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በክፍል ሙቀት ከቆየ በኋላ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቅጠሉ ጀርባ ይገፋል፤ በትክክል ከገባ ቅጠሉ ውኃ እንደነካው ጨርቅ እየጠቆረ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ተክሉ ቀድሞ ውኃ ከጠጣና ብርሃን ካገኘ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ስለሚከፈቱ ሥራው ይቀላል። ቅጠል ከቅጠል ስለሚለያይ የሚነጻጸሩት ናሙናዎች በአንድ ቅጠል ላይ ቢሆኑ ይመረጣል።

በማግስቱ 20 ማይክሮሞላር ኢስትራዲዮል በግማሹ ላይ ይሰጣል፤ ለሌላው ግማሽ ሆርሞኑ የተሟሟበት ፈሳሽ ብቻ በእኩል መጠን ይሰጣል። ከአንድ ቀን በኋላ ከቅጠሉ ክብ ቁራጮች ተወስደው የእሳት ዝንቡ ብርሃን ለሬኒላው ይካፈላል።

ንባቡ ሲወጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሆርሞን ያላገኘው ናሙና ነው። አዛዡ ጨርሶ በሌለበት ብርሃን ከታየ ጥፋቱ የታዛዡ ፕሮሞተር ወይም የጎረቤቱ ነው። አዛዡ ሲኖር ብቻ፣ ያለ ሆርሞን ብርሃን ከታየ ግን አዛዡ በዝቷል ማለት ነው፤ የሚነዳውን ፕሮሞተር ማድከም ወይም ማረፊያዎቹን ከስምንት ወደ አራት መቀነስ ይሞከራል። በእኔ ግምት ብርሃኑ የ35ኤስን ግማሽ እንኳ የማይሞላ፣ ነገር ግን በሚገባ የሚጠፋ ሥርዓት ከደማቁና ከሚያፈሰው ይበልጣል፤ መርዛማ ጂን የሚሸከም ተክል በትንሽ ፍሳሽም ይጎዳልና።

ቅጠል ላይ የተሳካው በቋሚነት በተለወጠ ተክል ላይ ያው ይሆናል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ዲኤንኤው በየተክሉ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚለያይ ብዙ ነጻ መስመሮች ተነጻጽረው፣ በቀጣዩ ትውልድም ጂኑ ሥራውን አለማቆሙ እንደገና መለካት አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ደረጃ የሚጀምር ሰው በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ ሊጠይቅ ይገባል። ኢስትራዲዮል በዓሣና በሌሎች እንስሳት ላይ የሚሠራ ሆርሞን በመሆኑም ለማሳ አይመከርም፣ ትርፉም ወደ ቧንቧ አይደፋም።