የሞግዚት ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ የጀማሪ ጸሐፊዎችን ረቂቅ አነባለሁ። አብራ የምትኖር ሞግዚት ቤተሰቡን ማስፈራራት የምትጀምርበት ታሪክ ደጋግሞ ይመጣል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ከልጅ የሚበልጥ አደራ የለምና። ታሪኩን የሚያበላሹት ስህተቶች ግን ተመሳሳይ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ሴትዮዋን ከበር ስትገባ ጀምሮ ክፉ ማድረግ ነው። ዓይኗ ለሚያስፈራ ሴት ልጇን የምትሰጥ እናት የለችም። አንባቢው ይውደዳት፤ ሕፃኑ ሲያተኩስ አዝላ፣ እሹሩሩ ስትል ያደረችው እሷ ትሁን።

ከሁሉ የማዝንበት ሁለተኛው ነው፦ አማርኛ የሰጠንን መሣሪያ ትቶ ቢላዋ ማንሳት። በየማታው «እትዬ፣ ደከመዎት? ቡና ላፍላልዎት?» ስትል የኖረች ልጅ፣ አንድ ምሽት ሕፃኑን እንደታቀፈች ከሶፋው ሳትነሳ «ዛሬ አመሸሽ» ብትልስ? እትዬ የለም፤ እርስዎ የለም። እናትየው እጇን ስትዘረጋ ልጁ ፊቱን ሞግዚቷ አንገት ሥር ይወሽቃል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን የሚያስቀምጥ አንባቢ አላውቅም። ብዙ ረቂቆች ግን ከመጀመሪያው ገጽ «አንቺ» እያስባሏት ይህን ዕድል ያባክናሉ።

ቦታውም ይሳታል። ጭር ያለ ጫካና ምድር ቤት ከውጭ ፊልም የተቀዱ ናቸው። እዚህ ጎረቤት ቡና ይጠራራል፤ የሐይቁ ዳርቻ ፍቅር ሐይቅም ሲመሽ በሰው ይሞላል። እንግዲያው ፍርሃቱ ከሰው መካከል ይውጣ። ጎረቤት በቡና ላይ «ልጅሽን ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አየሁት፣ ዓሣ ሾርባ ሲጠጣ» ትበል፤ እናትየው ልጇ ከቤት እንዳልወጣ ነበር የምታውቀው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በሰው እግር ሥር የዓሣ ትርፍራፊ የሚለቃቅሙበት ያ ግርግር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከየትኛውም ጨለማ ይብሳል።

አመጣጧን መዝለልም ስህተት ነው። ደላላው ማን ነበር? ዋስ ጠርታለች? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ወደፊት በሚወጣ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በቃል ብቻ ተስማምተው አንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ቤተሰቡ ከስሟ ሌላ የሚያውቀው የለም። እሷም ደመወዟ ቢቀር የምታሳየው ወረቀት የላትም። ሁለቱም ወገን የሚፈራው ነገር ሲኖረው የታሪኩ ውጥረት ይጨምራል።

የክፋቷን ምንጭ ድህነቷ ወይም ከገጠር መምጣቷ የሚያደርግ ረቂቅ ሲደርሰኝ ያመኛል። የስንቶቻችንን ልጆች ያሳደጉት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ምክንያቷ የራሷ ይሁን፤ ለምሳሌ እናቷ ሞተው «በዓሉ ይለፍና ትሄጃለሽ» የተባለች ትሁን፤ ይህን ያለቻትም ያቺው እትዬ።

በመጨረሻው ገጽ ፖሊስ ደርሶ ሁሉን የሚፈታበትንም ሰርዙት። ሞግዚቷ ከሄደች በኋላ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ልጁ ማንን እየጠራ እንደሚያለቅስ ጻፉ።