ደለል ወርቅ ያዋጣል? ሒሳቡ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ ቡና እየተጠጣ የሚጀመር የደለል ወርቅ (ወንዝ አምጥቶ ጠጠር ውስጥ የጣለው ወርቅ) ሥራ መነሻው አንድ ነው። አንዱ ከመተከል ወይም ከአሶሳ የመጣች ብልቃጥ ከኪሱ ያወጣል፣ ብልቃጧ ከእጅ እጅ ትዞራለች፣ ሁለተኛው ቡና ሳይወርድ የእስካቫተር ኪራይ ይወራል። ወርቁ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ከስንት ሜትር ኩብ አፈር እንደወጣ የሚናገር ከሌለ ግን ብልቃጧ ጌጥ ናት።

ጠጠሩን ብቻ መቁጠር

ማኅበር የሚያፈርሰው ይሄ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የሙከራ ጉድጓድ 4 ሜትር ወረደ እንበል። የላዩ 3 ሜትር ባዶ አፈር፣ የታችኛው 1 ሜትር ወርቅ ያለው ጠጠር። ጠጠሩ በገበቴ ተጠንቅቆ ሲታጠብ 0.4 ግራም ሰጠ። ደብተር ላይ «በሜትር ኩብ 0.4» ተብሎ ይጻፋል። የተቆፈረው እኮ 4 ሜትር ኩብ ነው! ስለዚህ 0.1 ግራም ነው። ማሽኑ ባዶ አፈር ሲያወጣ ናፍጣ አይቀንስም።

ቀጥሉበት። እስካቫተሩ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ቢያወጣ ከዚያ ውስጥ ጠጠሩ 15 ነው፤ 15 በ0.4 ሲባዛ 6 ግራም። የማጠቢያው ሳጥን 70 በመቶውን ቢይዝ 4.2 ግራም ይቀራል። ጥራቱ 90 በመቶ ቢሆን ንጹሁ 3.8 ግራም ገደማ ነው። ሰባት ሰዓት ሳይቆም ቢሠራ በቀን 26 ግራም። አሁን የቀኑን ወጪ ሁሉ ደምሩ፦ ኪራይ፣ ናፍጣ፣ ፓምፕ፣ ደመወዝ፣ ምግብ፣ ጥበቃ፣ በኋላ ጉድጓዱን መልሶ መድፈን። ድምሩን ለአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ አካፍሉት። 26 ከደረሰ ሥራው ለማሽኑ ባለቤት ነው እንጂ ለእናንተ አይደለም። ደግሞስ በሰዓት 15 ሜትር ኩብ ጠጠር የሚያጥብ መሣሪያ አላችሁ? በአካፋ የሚሞላ ሳጥን ይህን አይችልም፤ እስካቫተሩ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል።

በአንዲት ፍሬ መስከር

10 ሊትር ጠጠር ታጥቦ ከጎመን ዘር ብዙም የማትበልጥ፣ 0.1 ግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ ወጣች። በሒሳብ ይህ በሜትር ኩብ 10 ግራም ነው፤ እንዲህ ያለ ሜዳ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ፍሬዋን ለይታችሁ አስቀምጡና ያለ እሷ አስሉ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር፣ ወንዙን በሚያቋርጥ መስመር፣ ብዙ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ባዶ የወጡትንም አማካዩ ውስጥ አስገቡ። ጀማሪ ባዶውን ጉድጓድ «አልሆነም» ብሎ ይተወዋል። እስካቫተሩ ግን እሱንም ይቆፍረዋል።

በባልዲ መለካት

መሬት ውስጥ ተጠቅጥቆ የነበረ 1 ሜትር ኩብ ጠጠር ሲቆፈር ላልቶ 1.25 ገደማ ይሆናል። የ20 ሊትር ባልዲ 50 ጊዜ ሲሞላ የተቆፈረው 0.8 ብቻ ነው። ጉድጓዱን በሜትር ለኩ።

አለቱ ሳይነካ መውጣት

ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ነጩ ድንጋይ (ኳርትዝ) 2.65 እጥፍ ብቻ፤ ስለዚህ ወርቁ ወርዶ ከጠጠሩ ሥር ባለው አለት ላይና ስንጥቁ ውስጥ ይተኛል። የሙከራ ጉድጓድ ውሃ ሲሞላው «እዚህ ወርቅ የለም» ተብሎ የሚተወው ልክ እዚያ ሊደርስ ሲል ነው። ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስንጥቁንም በጠባብ ብረት ፈልቅቁ። ተቃራኒውም አለ፦ ከአለቱ ላይ የተጠረገውን ብቻ አጥቦ ውጤቱን ለጠጠሩ በሙሉ መስጠት። ሻጭ የሚያሳያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይሄንን ነው። ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር እናንተ ምረጡ፣ አጣቢውም የእናንተ ሰው ይሁን።

ጭቃን መናቅ

ጭቃ ያለበት ጠጠር ሳጥኑ ላይ ሳይሟሟ እየተድበለበለ ያልፋል፤ ድብልብሉ ወርቁን ለቅሞ ይዞት ይወጣል። በየሰዓቱ ከሳጥኑ ጭራ አንድ ገበቴ ወስዳችሁ እጠቡ። ወርቅ ከታየበት ወይ ጭቃው በደንብ አልተፈታም፣ ወይ ሳጥኑ በጣም አዘንብሏል። ለአንድ ሜትር ርዝመት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ጥሩ መነሻ ነው።

ጥቁር አሸዋን ማመን

አንገረብና ቀሃ ዳር ጥቁር አሸዋ አይቶ የሚጓጓ አይጠፋም። የጎንደር ተራሮች 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዛልት ናቸው፤ አሸዋው ከዚያ የተፈለቀቀ ብረት አዘል ማዕድን ነው፣ ማግኔት ይስበዋል። በአገራችን የደለል ወርቅ በአብዛኛው የሚመጣው በጣም ከቆዩትና ነጭ ድንጋይ እንደ ጅማት ከተጋደመባቸው አለቶች ነው። ለዚህ ነው ብልቃጧ ከመተከል የምትመጣው።

ዓመቱን ሙሉ መሥራት

ክረምት ወንዙ ጉድጓዱን ይሞላል፣ በጋ ማጠቢያ ውሃ ይጠፋል። 300 የሥራ ቀን የተጻፈበት ዕቅድ ካያችሁ ጸሐፊው ቆላ አልወረደም።

ያልነጠረውን በንጹሕ ዋጋ ማስላት

ከወንዝ የወጣ ወርቅ ብር ይቀላቀልበታል። በሜርኩሪ ተይዞ የተቃጠለው ደግሞ ውስጡ አሸዋና ቀሪ ሜርኩሪ ይኖረዋል (ጭሱ ነርቭ ይጎዳል፣ ቤት ውስጥ በፍጹም)። ብሔራዊ ባንክ የሚከፍለው ተመርምሮ በተገኘው ጥራት ነው፤ ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት ጥቂት ግራም አስመርምሩ።

ፈቃዱን በኋላ መፈለግ

በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ትርጉም ባህላዊ ማዕድን ማምረት ማለት በዋናነት በእጅ የሚሠራ፣ ማሽን የማይገባበት ሥራ ነው። በዚህ ፈቃድ እስካቫተር ለማስገባት ያሰበ ሒሳቡን በዶማ መልሶ ይጀምር።